ልጅ ሲገለበጥ እናት ወዴት ትመልከት?

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ብዙ ሌሊት ያከራከረን ጉዳይ ነው። እኛ ከአሰንዳቦ የመጣን ሦስት ተማሪዎች ነን። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ አንባቢ አሰንዳቦን ሳያያት አያልፍም፤ ምናልባትም የበቆሎ እሸት ገዝቶባት ይሆናል። በዚያች ከተማ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በቡና ጆንያ ጭድ እየሞሉ በላዩ መገለባበጥ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አለፋቸው። የሚያሠለጥናቸው በልጅነቱ ጅማ ውስጥ ሰርከስ የሠራ ጎልማሳ ነው። ክርክራችንም ልጆቹ ይገለበጡ ወይስ ይቅር የሚል ሳይሆን፥ እናቶቻችን ይህን ነገር በምን ልብ ይቻሉት የሚል ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር አብዛኞቹ ሠሪዎቹ የሠፈር ልጆች ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ጅማና መቀሌ የየራሳቸውን ሰርከስ አገኙ። ልጆቹ ውድ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ መሣሪያቸው የገዛ አካላቸው ነበር። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይቆማል፥ በእርሱም ላይ ሌላው ይወጣል፥ ከሁሉም በላይ ታናሹና ቀላሉ ይቆማል። እናትን የሚያስጨንቃት እንግዲህ ይህ ነው፤ ከላይ የሚቆመው ዘወትር ትንሹ ልጅ ነውና።

ከሦስታችን የአንዳችን እናት ልጇ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፥ ለዚያ ቦታ መመረጡን በሰማች ቀን፥ «አጥንቱን በቃሬዛ እንዳታመጡልኝ!» ብላ ሱሪውን ቆለፈችበት። ልጁ በወንድሙ ሱሪ ሄደ። እኛም ለዕረፍት በገባን ጊዜ ዳኞች ሆነን ተቀመጥን፤ በአንድ ወገን ልጁ ያለቅሳል፥ በሌላው ወገን እናቲቱ ታለቅሳለች።

በእርግጥ እነዚሁ እናቶቻችን ልጃቸው ከብት ይዞ ጊቤ ወንዝ ድረስ ሲወርድ፥ ፈረስ ያለ ኮርቻ ሲጋልብ፥ በከባድ መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ዳገት ሲወጣ ብዙም አይደነግጡም፤ ቢበዛ ይራገማሉ። ይህን ለእናቲቱ ብናነሣባት ግን የሰጠችን መልስ አፋችንን ዘጋው። «እርሱን አላየውም፤ ይህን ግን ኑና እዩ ትሉኛላችሁ» አለችን።

ፍርሀቷ ከባዶ የመጣ አይደለም። በአገራችን እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ልጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ከወጌሾች መካከል እጀ ብልሆች መኖራቸውን አንክድም። ዳሩ ግን ስብራቱ በቀርከሃ ጠብቆ በታሰረበት ላይ እብጠት ሲጨመርበት ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፥ ይደነዝዛሉ፥ መልካቸው ይለወጣል። ማሰሪያው በጊዜ ካልላላ ሥጋው ይሞታል፥ ሐኪምም ከመቁረጥ በቀር ምርጫ አይቀረውም። በልጆች ላይ ለሚደርሰው የእጅና የእግር መቆረጥ ከዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። በሠፈራችን ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱን በዚህ መንገድ ያጣ ልጅ አለ፤ እናቲቱም በየዕለቱ ታየዋለች። እንግዲህ የምትፈራው መውደቁን ብቻ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ ያለውን ነው። በበኩላችን ለዚህ ፍርሀት «አይዞሽ፥ ምንም አይሆንም» የሚለው መልስ ስድብ መስሎ ይታየናል። ጣቱ የቀዘቀዘና የደነዘዘ ልጅ ማሰሪያው ወዲያው ላልቶ ወደ ሐኪም ቤት እንደሚወሰድ፥ አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታ ደግሞ በብብቱ ተይዞ እንደማይነሣ፥ ራሱ ሳይነቃነቅ ባለበት ተይዞ እርዳታ እንደሚጠበቅ ብንነግራት ግን የምትይዘው ነገር ሰጠናት ማለት ነው። ነገርናትም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችን።

አሠልጣኙ በፊናው ከእኛ ይልቅ ብልህ ሆኖ ተገኘ። «እትዬ፥ የመጨረሻውን ቀን አይምጡ፤ ዛሬ ይምጡ» አላት። ዱካ ወሰደችና ቡናዋን ትታ ተቀመጠች። ያየችው ነገር ከጠበቀችው የተለየ ነበር። ልጆቹ ያን ቀን አንድም ጊዜ በአየር ላይ አልዞሩም። መውደቅን ይማሩ ነበር፤ አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ በጀርባ መንከባለል፥ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ አለመመከት። ከዚያ በግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም አለ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ታጥፎ መሬት መንካት፤ ከዚያ ሁለት ታላላቆች ወገብ ይዘው ማዞር፤ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፤ ከዚያ ጣት ብቻ። ልጁ ብቻውን የሚገለበጠው የያዙት እጆች ሥራ ከፈቱ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ከትከሻ ላይ የሚቆመውም በቅድሚያ የሚማረው መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ነው። እናቲቱ የምታውቀው ትዕይንቱን ብቻ ስለ ነበረ ልጇ ከሰማይ የተወረወረ ይመስላት ነበር። መሰላሉን ካየች በኋላ ፍርሀቷ አልጠፋም፤ ነገር ግን «ምን ሆኖ ይሆን?» ማለቷን ትታ «ዛሬ የያዘው ማነው?» ማለት ጀመረች። ይህች ጥያቄ ለአሠልጣኙም ጠቅማለች፤ ያዡ ቀርቶ የሚሠራበት ቀን የለምና።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር ሁለት ሰዎችን እናንሣ። ኤሌና ሙኪና የምትባል የሶቪዬት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1978 በጂምናስቲክ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። በ1979 እግሯ ተሰበረ፤ ሳይጠናላት ወደ ልምምድ ተመለሰች። በሐምሌ 1980፥ ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ያገኘበት የሞስኮ ኦሊምፒክ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፥ በልምምድ ላይ ከባድ ግልባጭ ስትሞክር በአገጯ ወደቀች፤ አንገቷ ተሰበረ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እስከ ሞተችበት እስከ 2006 ድረስም እጅ እግሯን ማዘዝ ሳትችል ኖረች። ሁለተኛዋ አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ ናት። በ2021 ቶኪዮ ላይ በአየር ሳለች አካሏ የት እንዳለ አእምሮዋ ስቶባት፥ ዓለም ሁሉ እያያት «አልችልም» ብላ ከቡድኑ ፍጻሜ ወጣች። ብዙ ሰው ተሳለቀባት። እርሷ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሳ ነሐስ አገኘች፤ በ2024ም ፓሪስ ላይ ወርቅ።

ለእናቲቱ ይህን ስንተርክላት ስለ ሜዳሊያው ግድ አልነበራትም። «ያቺን የፊተኛይቱን እግርሽ አልዳነምና ተቀመጪ የሚላት አልነበረም?» አለች። በማግስቱም ወደ አሠልጣኙ ሄዳ፥ ልጄ ዛሬ አልችልም ቢል ምን ታደርገዋለህ ስትል ጠየቀችው። «ይቀመጣል፤ ቢሻው ይመለከታል» አላት። «ሌሎቹስ ይስቁበታል?» «ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልስቅም።» ከብዙ መልሶች ይህ የወደድነው ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። የወላጅ ዓይን ወደ ላይ ወደ አየሩ ሲያፈጥ በምድር ላይ ያለውን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለትዕይንት አውስትራሊያ የሄዱ የሰርከስ ኢትዮጵያ ወጣቶች በደል ደርሶብናል ብለው በዚያው ጥገኝነት ጠየቁ። በአሜሪካም የጂምናስቲክ ቡድኑ ሐኪም የነበረ ሰው በብዙ ልጃገረዶች ላይ ባደረሰው ጾታዊ ጥቃት በጥር 2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ከተጠቂዎቹ አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ ዱካ ይዞ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ ያለ ፍርሀት የሚናገርበት ቤት ያስፈልገዋል። ሱሪ የሚቆለፍበት ቤት ልጅ ብዙ ነገር መደበቅን ይለምዳል፤ ይህንንም ለእናቲቱ በለሰለሰ ቃል ነገርናት፥ ሱሪዎቹም ከዚያ ወዲህ ከገመድ ላይ ናቸው።

አሁን ልጁ ከሦስተኛው ትከሻ ላይ ይቆማል። እናቲቱ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። እስከሚወጣ ድረስ ዓይኗን አትነቅልም፤ ያዦቹን ትቆጥራለች፥ አንዱ ከጎደለ ትጮኻለች። እርሱ ከላይ ሲገለበጥ ግን ፊቷን ወደ አስፋልቱ ታዞርና የእግሮቹን ድምፅ በጆሮዋ ትጠብቃለች። አሠልጣኙ ልጁን ለክረምቱ ወደ ጅማ ልውሰደው ብሎ ጠይቋታል። አባት ፈቅደዋል፤ እርሷ ገና አልመለሰችም።