«ምኑ ነህ?»

እሑድ ጧት አሞራ ገደል ወርጄ አንድ ሳህን የዓሣ ሾርባ ይዤ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ ቆሮሶውን ይበልታሉ፤ አባ ኮዳ የተባለው ያ ራሰ በራ ወፍ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሞ የሚወረወርለትን አንጀት ይጠብቃል። የእኔ ልብ ግን ከሐይቁ አልነበረም። በሞባይሌ የማነበው ስለ አንድ የአውስትራሊያ ሽፍታ ነበር። የፍቅሩን ታሪክ በዚህ ዘመን ለመዘምራን በዜማ አድርገውታል ቢሉኝ ነው የሰውየውን ማንነት ለማወቅ የጓጓሁት።

ስሙ አንድሩ ስኮት ነው፤ «ካፒቴን ሙንላይት» በሚል የሽፍትነት ስም ይታወቃል። አየርላንድ ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን አንባቢነት ሲያገለግል የነበረ ሰው፣ በባንክ ዝርፊያ ተፈርዶበት ሜልበርን ከተማ ፔንትሪጅ ወኅኒ ቤት ገባ። እዚያም ጄምስ ኔዝቢት ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ ወዳጅነታቸውም እስከ ሞት ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1879 ከጥቂት ወጣቶች ጋር ሥራ ፍለጋ በእግር ሲጓዙ ርሀብ ጠናባቸው፤ ዋንታባጀሪ ከተባለ የከብት እርባታ ሥፍራ ቢደርሱ መጠለያ ተከለከሉ። ሥፍራውን በጠመንጃ ያዙት፤ ከፖሊስም ጋር ተታኮሱ። አንድ ፖሊስ ሞተ፤ ኔዝቢትም ወደቀ። ሽፍታው አቅፎት እየሳመ እንደ ሕፃን ማልቀሱን የጊዜው ጋዜጦች ጽፈዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1880 ሲሰቀል በጣቱ ያጠለቀው ከኔዝቢት ጠጉር የተሠራ ቀለበት ነበር። ከእርሱ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎ ለምኖ ነበር፤ ሲድኒ ቀበሩት። ከእስር ቤት የጻፋቸው ደብዳቤዎችም በመንግሥት መዝገብ ቤት ቀሩ። ልመናው የተፈጸመለት እ.ኤ.አ. በ1995 አጽሙ ወጥቶ ኔዝቢት ወደተቀበረበት ወደ ጉንደጋይ ሲዛወር ነው፤ ከ115 ዓመት በኋላ!

ጻድቅ ነው አልልም፤ ለሞተውም ፖሊስ የሚያለቅስለት ነበረው። ሁለቱም ወንዶች በመሆናቸውም ታሪኩን በክፍሌ ለማንበብ እንደማልደፍር ለአንባቢዬ አልደብቅም።

በእኛም አገር ሽፍታ ይዘፈንለታል። የቋራው ካሣ በሽፍትነት ጀምሮ አይደለም እንዴ በ1847 ዓ.ም. የነገሠው? ዳሩ ግን ለሽፍታ ያለን ፉከራና ቀረርቶ ነው። ብዙ ድምፅ ተባብሮ የሚያዝንበት ዜማችን ሙሾ ነው፤ አልቃሿ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። እርስዋም ብትሆን ዝምድናውን ሳታውቅ ስንኝ አትቋጥርም፤ ወንድም ነው? ልጅ ነው? ባል ነው?

እዚህ ላይ ስደርስ ሾርባዬ ቀዘቀዘ። ከሁለት ዓመት በፊት የማውቀው ሰው ሞቶ ድንኳን በር ላይ ቆሜ ለቀስተኛ አስቀምጥ ነበር። አንድ ጎልማሳ ዓይኑ አባብጦ መጣ።

«ወንድሜ፣ ለሟቹ ምኑ ነህ?» አልሁት።

«አብረን ነበር የምንኖረው፤ ዘጠኝ ዓመት» አለኝ።

ከቤተ ዘመዱ ወንበር አሳልፌ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወደተቀመጡበት ወደ ኋላ መራሁት። ምን እንደነበሩ አላውቅም፤ ማወቁም የእኔ ፋንታ አይደለም። ሙሾው ሲወርድ ለሚስትም፣ ለእኅትም፣ ለአክስት ልጅም ስንኝ ተገኘ። ለእርሱ የሚሆን ግን አልነበረም፤ ጫማውን እያየ ዋለ።

የመዘምራኑን ዜማ ገና አልሰማሁትም። ግን ያደረጉት ነገር የገባኝ ይመስለኛል፤ ሰውየው ብቻውን ያወረደውን ለቅሶ፣ ቢዘገይም፣ ተቀበሉለት።

«ቲቸር፣ ላሙቅልህ?» አለኝ ልጁ ሳህኑን እያየ። ሰጠሁት። የዚያን ጎልማሳ ስም እንኳ ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ።