ከጣና ዳር የሚነሣው ነጭ አቧራ

ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር ከተዳረች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው ጥቅምት ልጠይቃት ሄጄ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ጥቅምት ለባሕር ዳር ደግ ወር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ በየመንገዱ ዳር የቆሙት ዘንባባዎች ታጥበው ያበራሉ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ሲመለሱ፣ ጀልባዎቹም ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል መንገደኛ ለመጫን ሲሰናዱ እያየሁ ቡናዬን እጠጣለሁ። ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?

በሦስተኛው ቀን እህቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። «አንተ የመኪና ነገር ታውቃለህ። እስቲ ልጁ የሚሠራበት ጋራዥ ሂድና እየልኝ። ማታ ሲመጣ ወፍጮ ቤት የዋለ ነው የሚመስለው። ደግሞ ይስላል።» ልጁ ያለችው የመጨረሻ ልጇን ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ አግብቶ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ሁሉም የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው።

ጋራዡን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከሐይቁ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ እንዳልኩ የኮምፕረሰሩ ድምፅና ከአጥሩ በላይ የሚነሣው ነጭ ደመና መሩኝ። ባሕር ዳር የባጃጅ ከተማ ናት። ቸርኬውን፣ ሻንሲውንና ፓራፋንጎውን ጭቃና ዝናብ ሲበላው ይከርማል፤ ክረምቱ ሲወጣ ባለንብረቶቹ ለማስቀባት ይመጣሉ። አሮጌው ቀለምና ዝገቱ ሳይነሣ የተቀባ ቀለም ደግሞ በወራት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቸርኬ፣ በኮምፕረሰር አየር በሚገፋ አሸዋ ሲመታ በአጭር ጊዜ ነጥቶ ይወጣል። ሳንድ ብላስት የሚሉት ይኼ ነው። ዘዴው የቆየ ነው፤ ቤንጃሚን ቲልግማን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1870 ነው።

የእህቴ ልጅ ከሜዳው መሀል ቆሞ፣ አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ፣ የፀሐይ መነጽር አድርጎ የወንዝ አሸዋ ይረጫል። ሲያየኝ አየሩን ዘግቶ «አጎቴ! እንዴት መጡ?» አለኝ። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር።

በሙያ ማሠልጠኛ 22 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ያየሁት አልተደበቀብኝም። አሸዋ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። መሬት ላይ ተኝቶ ማንንም አይጎዳም። በኃይል ብረት ላይ ሲያርፍ ግን ይደቅቃል። ከሚነሣው አቧራ ክፉው ደግሞ የምናየው ደመና አይደለም፤ የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ የሚያህለው፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። በሻሽም በነጠላም አልፎ ሳንባ ጥግ ይደርሳል፣ እዚያው ይቀራል። ሳንባው ጠባሳ እያወጣ ይደድራል። ሲሊኮሲስ ይሉታል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሥራውን ትተውትም እንኳ ሊብስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው የሚታየው፤ ብዙ አቧራ የሚውጡትን የአሸዋ ረጪዎች ግን በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጥላል። ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ሳሉና ክሳቱ ከነቀርሳ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅም መናገር አለበት።

ቱርክ ውስጥ ጂንስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል በአሸዋ ይረጩ የነበሩ ወጣቶች በዚህ በሽታ ካለቁ በኋላ፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ከልክሎታል። ለሱሪ ፋሽን ብለው!

ማታ ደግሞ እህቴ ያላየችውን ሌላ ነገር አየሁ። ልጁ በሩን ሲከፍት ሕፃኗ ሮጣ ተጠመጠመችበት፣ ፊቷንም ሸሚዙ ውስጥ ቀበረችው። ያ ሸሚዝ የያዘው አሸዋውን ብቻ አይደለም፤ የተፈቀፈቀው አሮጌ ቀለምም አለበት። የቆየ ቀለም ሊድ ሊኖረው ይችላል፤ ሊድ ደግሞ ከሁሉ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው።

በማግስቱ የጋራዡን ባለቤት አነጋገርኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እሱም አባት ነው። «ጋሼ፣ ሥራውን ልተወው ነው የሚሉኝ?» አለ። ተው አላልኩትም። ይልቅ ወደ ጎረቤቱ ግቢ እንዲያይ አሳየሁት። ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው፤ የጎረቤቲቱ በርበሬ ደግሞ ልክ በነፋሱ አቅጣጫ ተሰጥቷል። ዝም ብሎ ቆየና «ምን ይሻላል?» አለኝ።

የሚሻለው አቧራውን ማሰር ነው። ከላሜራ ጠረጴዛ የሚያህል ሳጥን በየድን። በላዩ መስታወት፣ በፊቱ ሁለት ቀዳዳ ከረጅም የጎማ ጓንት ጋር፣ በበሩ ዙሪያ አየር የማያስወጣ ጎማ። ዕቃው ከውስጥ ይቀመጣል፣ ሠራተኛው ከውጭ ቆሞ እጁን በጓንቱ አስገብቶ ይረጫል። በጎኑ ያለው ማራገቢያ አየሩን በማጣሪያ በኩል ይስባል። ርጭቱ ካበቃ በኋላ አቧራው እስኪጠራ ይጠበቃል እንጂ በሩ ወዲያው አይከፈትም። ሳጥኑን ሲያጸዱም በደረቁ አይጠረግም። በአሸዋው ምትክ ከአዲስ አበባ ጋርኔት አስመጣን። ዋጋው መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አሸዋ አንዴ ሲመታ ይደቅቃል፣ ጋርኔት ግን ከሳጥኑ ሥር ተሰብስቦ ደጋግሞ ይሠራል። ባለቤቱን ያሳመነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሳንባው ይልቅ ይኼ ሒሳብ ነው።

ለልጁም ያሳየሁት ነገር አለ። ዕቃው ሳጥን ከመግባቱ በፊት ግራሶው ይታጠባል፣ ኩሽኔታው ይወጣል፤ በብናኝ የተሞላ ኩሽኔታ ጎማ ይዞ መንገድ ላይ ይቀራልና። እንደ ፓራፋንጎ ያለ ስስ ላሜራ ከባድ ግፊት ሲያርፍበት ይጣመማል፤ እሱን በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት መሥራት ይሻላል። ተመትቶ የነጣ ብረት ደግሞ እርቃኑን ነው። በሐይቅ ዳር እርጥበት ጠዋት የነጣው ማታ ይቀላል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን፣ በእጅ ሳይነካካ አንቲረስት ይቀባል።

«ሻንሲውስ?» አለ ባለቤቱ። እዚህ ላይ ተጣላን። ሻንሲ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሜዳ ላይ ለመርጨት ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ የራስ ቁር ያስፈልጋል። ያም አየር ከዚያው ከአሮጌው ኮምፕረሰር እንዲሁ ተቀድቶ አይሰጥም፤ ዘይትና የሞተር ጭስ ይዞ ይመጣል። የራስ ቁሩ የለውም። ውኃ እየረጩ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ነው አልኩት። «ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ማን ይከፍለኛል?» አለ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁን ራጅ አስነሣነው። እስካሁን ንጹሕ ነው ተባለ፤ ሐኪሙ ግን በየዓመቱ እንዲመለስ ነገሩት። የሥራ ልብሱን ጋራዥ ትቶ፣ ታጥቦ፣ ሌላ ለብሶ እንዲወጣ ተስማማን። ልብሱም ከሕፃኗ ልብስ ጋር አንድ መታጠቢያ ውስጥ አይገባም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። ሳሉ ቀንሷል፣ ሕፃኗም አባቷ ቶሎ እንዲያቅፋት በር ላይ ቆማ «ታጥበሃል?» ማለት ለምዳለች። ሳጥኑ እየሠራ ነው፤ መስታወቱ በርጭቱ ስለደበዘዘ ቀይረውታል። «ሻንሲውን ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳ ላይ ይመታሉ፤ ልጄ አልሠራም ብሎ ሌላ ልጅ ቀጠሩ» አለችኝ። የባለቤቱን ስልክ ሰጥታኛለች። እስካሁን አላነሣም።