ያልተገዛው መጫወቻ



መጫወቻ የሚሠሩ ድርጅቶች ለልጆች የሚያሳትሙት የመጽሔት ዓይነት አለ። ላዩን ሲያዩት እንደማንኛውም የልጆች መጽሔት ነው፤ ተረት አለው፣ እንቆቅልሽ አለው፣ ቀለም የሚቀባ ሥዕል አለው። ውስጡ ሲገቡ ግን መንገዱ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይወስዳል። ተረቱ ስለ መጫወቻው ነው፤ የእንቆቅልሹ መልስ የመጫወቻው ስም ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ መጫወቻው ራሱ አሸብርቆ ይጠብቃል። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ አባቱ ዘንድ ሮጦ «ግዛልኝ» እንዲል የተሰናዳ ነው።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ መጽሔት አንድ ነበር፤ አሁንም አለ። «እኛ» ስንል ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነን። ያደግነው በደራ ወረዳ፣ ወንዛዬ ነው። ባሕር ዳር የከረመ ሰው ስሟን ሳይሰማ አይቀርም፤ ወገቡን ያመመው፣ ጉልበቱን የያዘው ሁሉ ፍል ውሃ ሊታጠብ የሚመጣባት፣ በጉማራ ወንዝ ዳር ያለች ቦታ ናት። ከሱብሒ በኋላ ቁርኣን ቤት፣ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ እንደገና ቁርኣን ቤት፤ ቀናችን እንዲህ ነበር የሚያልቀው። የመጫወቻ ሱቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ጨዋታችን የጭቃ በሬ፣ የሽቦ መኪና፣ ከአገዳ የሚሠራ መነጽር ነበር።

መጽሔቱ የመጣው በአክስታችን ሻንጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀታቸው ያልተስተካከለ ሠራተኞችን ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አክስታችን ከእነሱ አንዷ ነበረች። ስድስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ይዛ የገባችው አንድ ሻንጣ ነበር፤ ሁለት ዐባያ፣ ለአያታችን መስገጃ፣ በትንሽ ጀሪካን ዘምዘም፣ ከልብሱ ሥር ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ መጽሔት። እ.ኤ.አ. የ2007 ዕትም ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ፤ ድርጅቱ ሌጎ።

ሌጎ ለማያውቀው፣ ጀርባው ላይ ጉብታ ጉብታ ያለው፣ እርስ በርሱ እየተገጣጠመ ቤትም መኪናም መርከብም የሚሆን የፕላስቲክ ጡብ ነው። ድርጅቱን የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ የዴንማርክ አናጢ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1932 ነበር። ስሙ የተወሰደው በዴንማርክ ቋንቋ «ደህና አድርገህ ተጫወት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ዛሬ የምናውቀው ጡብ ፓተንት የተጠየቀለት በ1958 ሲሆን፣ ያኔ የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። የእኛ ዲፓርትመንት ልጆች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ የልኬት ጥራት ስድሳ ዓመት ጠብቆ ማቆየት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚገባቸው። ቀለማቸው አንድ የሆነ፣ ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

እኛ ግን አንድም ጡብ አልነበረንም። የነበረን ወረቀቱ ነው።

የእንግሊዝኛ ትምህርታችን ገና «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ላይ ስለነበር ጽሑፉ አልገባንም። ያስያዘን ሥዕሉ ነው። ሌጎ ለልጆች የሚሰጠው የአሠራር መመሪያ ቃል የለውም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በሥዕል ብቻ ይመራል። የመጽሔቱ አንድ ገጽ ላይ ሆዱ የተከፈተ መኪና ነበር፤ ጥርሳም ጎማዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይታያሉ። ታላቃችን ጥርሱን ቆጠረ፤ ትንሹ 8፣ ትልቁ 24። ትንሹ ሦስቴ ሲዞር ትልቁ አንዴ እንደሚዞር በጣታችን እያዞርን ደረስንበት። በኋላ ፖሊ ካምፓስ ገብተን በማሽን ዲዛይን ክፍለ ጊዜ «ጊር ሬሾ» ሲባል የሰማነው ይህንኑ ነው።

ጥርሳም ጎማ ከየት ይመጣል? የለስላሳ ቆርኪ አለ። አንዱ ሳንቃ ላይ ቆርኪ በሚስማር መትተን ሌላውን አጠገቡ ስናስጠጋ አንዱ ሌላውን አዞረው። ነገር ግን ቆርኪ ሁሉ 21 ጥርስ ነው፤ እኩል ለእኩል ይዞራል እንጂ አያፈጥንም፣ አያዘገይም። ስለዚህ ከተጣለ ሲሊፐር ላይ በምላጭ ሰፊ ክብ ቆርጠን 42 ጥርስ አወጣንለት። ቆርኪው ሁለቴ ሲዞር ሲሊፐሩ አንዴ ዞረ። እህታችን ከሥሩ የቆርቆሮ ቅዳጅ መቅዘፊያ አድርጋ ጉማራ ዳር ካለች ትንሽ ቦይ ላይ ተከለችው፤ ውሃው ራሱ ያዞረው ጀመር። ፍል ውሃ ሊታጠቡ የመጡ እንግዶች ቆመው ያዩት ነበር።

አንድ ቀን ኡስታዛችን መጽሔቱን ከሙስሐፉ ጋር በአንድ ቦርሳ አገኙት። አለንጋው የሚነሳ መስሎን ተሸማቀቅን። ገጹን ቀስ ብለው ገለጡ፤ ጥርሳም ጎማው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄን ከቁርኣን ጋር አታስቀምጡ» አሉ። ቀጥለው «የሠራችሁትን ግን አምጡና አሳዩኝ» አሉን።

በዚያ ከሰዓት ያስተማሩን ሐዲስ አቡ ዳውድ የዘገቡት ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልጅ ሳሉ አሻንጉሊቶች ነበሯቸው፤ ከመካከላቸውም ሁለት የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጋረጃው ገለጥ ሲል አይተው ምንነቱን ጠየቋቸው። ፈረስ ነው ሲሏቸው፣ ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ተገረሙ። ዓኢሻም የነቢዩ ሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብለው መለሱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ኡስታዛችን ታሪኩን ሲጨርሱ የጠየቁን ስለ ፈረሱ አልነበረም። «ክንፉ ከምን ነበር?» አሉ። «ከጨርቅ» አልን። «ከቁራጭ ጨርቅ» ብለው አረሙን።

በዚያው ዘመን የአገራችን ልጆች ሌላ መጫወቻ ይከተሉ ነበር። ሐሙሲት ሻይ ቤት ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር የምንሻማው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ለሚለው ፕሮግራም ነበር። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ ፊቷ ግን ከካልሲ የተሠራ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርተው፣ ገጸ ባሕርያቱን በእጃቸው ሰፍተው ነው የጀመሩት። ፕሮግራሙ በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ መጻሕፍትም ተከተሉት። ብሩክታዊት በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አገኙ።

ይህንና የሌጎን መጽሔት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ ይታየናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 በልጆች ፕሮግራም ላይ የነበረው የማስታወቂያ ሰዓት ገደብ ሲነሳ፣ መጀመሪያ አሻንጉሊት ሠርቶ ለእሱ ማሻሻጫ ተረት መጻፍ የተለመደ ንግድ ሆነ። ሂ-ማን በ1982 ሱቅ ገባ፤ የቴሌቪዥን ተረቱ በዓመቱ መጣ። ፀሐይ ግን የመጣችው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ የነበረው ትምህርቱ ነው፤ እጅን መታጠብ፣ ፊደል መለየት፣ መጠየቅ። ካልሲው የተሰፋው ትምህርቱን እንዲሸከም ነው።

ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስንገባ መጽሔቱን ከሳጥን አወጣነው። ዳሩ ተበልቷል፤ መካከሉ በክር ተሰፍቷል። አሁን እንግሊዝኛውን እናነባለን፤ ስናነበው ደግሞ የገረመን ባዶነቱ ነው። በልጅነታችን ትልቅ ምሥጢር የመሰለን ጽሑፍ ሁሉ «አዲስ መጣ»፣ «አሁኑኑ ጠይቅ»፣ «ስብስብህን ሙላ» ነው የሚለው። ሥዕሉ ግን አላረጀም።

አንድ ገጽ ቀርቶን ነበር። መጫወቻዎቹ የተደረደሩበት ገጽ ላይ አንድ ልጅ በቀይ እስክሪብቶ የሚፈልገውን ከቧል፤ አውሮፕላን፣ ክሬን፣ የእሳት አደጋ መኪና። ወረድ ብሎ አንድ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት ተከቧል፤ ከጎኑ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ስም አለ። ቁርኣን ቤት ይመስገንና ያኔም አንብበነዋል፤ የአክስታችን ስም ነው። እሷ ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም። በልጅነታችን ስንጠይቃት «ተዉት» ብላ መጽሔቱን አጥፋ አስቀመጠችው። ዘንድሮ ቡና ስታፈላ ጠብቀን ደግመን ጠየቅናት።

«እትዬ፣ ይሄን የጻፈው ማነው?»

ረከቦቱን አስተካከለች። «ልጁ ነዋ። እጄ ላይ ነው ያደገው። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የሚገዛለትን ይከባል። ‹አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?› አለኝ። ‹ቤቴን› አልኩት። ፈልጎ ፈልጎ ይቺን ከበበልኝ።»

ዝም ብለን ጠበቅናት።

«የወጣሁ ለት እናቱ የስምንት ወር ደሞዜን ሳትሰጠኝ በሩን ከፈተችልኝ። እሱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሮጦ ገብቶ ይቺን ይዞልኝ መጣ። ‹ቤትሽ› አለኝ።»

ቡናውን ቀዳችና «ጠጡ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደሞዝ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጠው ማለታቸውን ሁላችንም ከቁርኣን ቤት ጀምረን እናውቀዋለን። እዚያ ቤት ይህን ሐቅ የተሸከመው ሰው ትልቁ አልነበረም። ልጁ የያዘው መጽሔት «ምን ትፈልጋለህ?» እያለ በየገጹ የሚጠይቅ ነው፤ እሱ ግን ጥያቄውን አዙሮ ሌላ ሰው ጠየቀበት። ስምንት ወር ያልተከፈለው ደሞዝ ዛሬም አልተከፈለም፤ የወረቀት ቤትም አይተካውም። አክስታችን ሐቋን አላህ ዘንድ ትጠብቃለች፤ መጽሔቱን ግን አልጣለችም።

እኛም ከዚህ መጽሔት ምንም አልገዛንም፤ የሚገዛበት ገንዘብም ሱቅም አልነበረም። ሊሸጥልን የመጣው ነገር ስላልተሸጠ በእጃችን የቀረው ሊሸጥ ያልታሰበው ነው፤ የአሠራሩ ሥዕልና የአንድ ልጅ ቀይ ክብ።

ይህን የምንጽፈው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ወንድማችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአባታችን ስልክ የሚያየው ሌሎች ልጆች የመጫወቻ ካርቶን ሲከፍቱ ነው። ካርቶኑ ይከፈታል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ሌላ ካርቶን ይመጣል። ያ የሌጎ መጽሔት ምኞትን ሲሸጥ ቢያንስ መካከሉ ላይ የሆዱ ዕቃ የተገለጠ መኪና አስቀምጦ ነበር። በስልኩ ውስጥ ምኞቱ አለ፤ አሠራሩ የለም።

በየክረምቱ ብዙዎቻችን ወደየአገራችን ገብተን በመድረሳዎቻችን ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስተምራለን፤ ጥሩ ነው። በዚህ ክረምት አንድ ነገር እንጨምር። የኢንጂነሪንግ ልጆች ሥዕሉን እንሥራ፤ አራት ገጽ፣ ቃል የሌለው፣ ከአንድ እስከ ዐሥር በደረጃ የሚመራ። አንዱ ከቆርኪና ከሲሊፐር የሚሠራ ጥርሳም ጎማ፣ አንዱ በሽቦ መሪ የሚታጠፍ መኪና፣ አንዱ ጣና ዳር ላሉ ልጆች ከደንገል የሚሠራ ትንሽ ታንኳ። የፔዳ ልጆች የማስተማሩን ዘዴ ይጨምሩበት። ፎቶ ኮፒው ከሁለት ሻይ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ቃል ስለሌለው ዐረብኛ ብቻ የቆጠረ ልጅም፣ አማርኛ ብቻ ያነበበ ልጅም፣ ገና ምንም ያላነበበም እኩል ይጀምረዋል።

በመጨረሻው ገጽ ሥር ደግሞ አንድ ባዶ ክብ እንተው፤ ልጁ የሚሠራውን ነገር ለማን እንደሚሰጥ የሚጽፍበት።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅመን፣ የሚጠቅመንንም የምናካፍለው ያድርገን። የሰው ሐቅ በእጃችን ከሚቀርብን ሰዎች አያድርገን። አሚን።