«ውሃችሁ ቤቴ ገባ»



ባለፈው ሐምሌ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረበት ቀን፣ ከፈጅር ሶላት ስንወጣ አንዲት እናት መስጂዱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቤታቸው ከመስጂዱ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። «ልጆቼ፣ ውሃችሁ ቤቴ ገባ» አሉን።

እኛም ቶሎ ብለን «እማማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ እኮ ነው፤ ቦዩን አልጠረገም» አልናቸው። መልስ አልሰጡንም፤ ይዘውን ወረዱ። የልጅ ልጆቻቸው ፍራሽ ውሃ ጠጥቷል። ለክረምቱ ያስቀመጡት አንድ ኩንታል ጤፍ ከሥሩ ርሷል። በራቸው ላይ ቆመን ሽቅብ ስናይ ውሃው የመጣበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ከመስጂዱ አሸንዳ ወደ ኮብልስቶኑ፣ ከኮብልስቶኑ ወደ እርሳቸው ደጃፍ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የውዱእ ቦታውን ስናሰፋ ጫማ ማውለቂያው ጠበበን። ከአጥሩ ፊት ያለውን የጎርፍ መውረጃ በኮንክሪት ደፍነን ከሥሩ ቱቦ ቀበርን። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ቱቦው 30። የጣሪያውንም ውሃ በቀጥታ መንገድ ላይ ለቀቅነው። ለመስጂድ የተሠራ ነውና ከጎረቤት ማንም አልጠየቀንም።

ማዘጋጃ ቤቱ ግን ጠይቆ ነበር። ቦዩ እንዲከፈት፣ የጣሪያ ውሃም ወደ ቦይ እንጂ ወደ መንገድ እንዳይለቀቅ የሚያዝ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደረሰን። ከመካከላችን «መስጂድ ላይ ተነሱ» ያሉ ነበሩ። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ወጣቶች፣ እስቲ አብረን እናስላው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የመስጂዳችን ጣሪያ 300 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 12,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 60 በርሜል ከጣሪያችን ወረደ ማለት ነው። መሄጃ ያጣ ውሃ በኮብልስቶኑ ላይ ይሄዳል። ድንጋዩ የተነጠፈው በአሸዋ ላይ ስለሆነ አሸዋው ሲታጠብ ድንጋዩ ይላቀቃል። «መንገዱ ፈረሰ፣ የሚጠግን የለም» እያልን ስናማ የከረምነው መንገድ ይኸው ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ከጥፋት ነፃ ነው እያልን አይደለም። ደብዳቤ ጽፎ ተመልሶ አላየም። ቦይ በግንቦት መጠረግ ሲገባው ሐምሌ ላይ ይጠርጋል፤ የወጣውን ደለል ዳር ላይ ይከምረውና የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይከተዋል።

እኛን የከነከነን ግን ሌላ ነው። መድረሳ ሳለን የኢማም አን-ነወዊን ሚንሃጅ ስንቀራ ይህችን መስአላ አልፈንባታል። አሸንዳን ወደ መንገድ ማውጣት ይፈቀዳል፤ በእርሱ ሰበብ የጠፋ ንብረት ካለ ግን፣ ጀዲድ በሚባለው የኢማም አሽ-ሻፊዒይ አቋም፣ ባለቤቱ ይተካል። ያኔ ራሳችንን ነቅንቀን ገጽ ገለጥን። የዑመርንና የዐባስን (ረ.ዐ) ታሪክማ ስንቴ ተናግረነዋል! በሙስነድ አሕመድ እንደተዘገበው፣ ከዐባስ አሸንዳ የወረደ ደም የተቀላቀለበት ውሃ ወደ ጁሙዓ የሚሄዱትን የዑመርን ልብስ ነካ። ዑመርም አሸንዳው እንዲነቀል አዘዙ። ዐባስ ግን ያስቀመጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው መሆናቸውን በአላህ ምለው ሲነግሯቸው፣ ዑመር «ጀርባዬ ላይ ወጥተህ መልሰው» አሉ። እኛ ይህን የምንናገረው ስለ ዑመር ትሕትና ነበር። የኛን አሸንዳ እዚያ ያስቀመጠው ደግሞ የኮሚቴው ብየዳ ሠራተኛ ነው።

ካሳውን ከመስጂዱ ሣጥን እንክፈል ያሉ ነበሩ። ሰው ለአላህ ቤት ብሎ የሰጠውን በኛ ጥፋት መክፈል ከበደን፤ ሥራውን የወሰንነውና የሠራነው ከኪሳችን አዋጣን። እማማ ጤፉን ተቀበሉ። የፍራሹን «ይቅር፣ ቱቦውን ብቻ አንሱልኝ» አሉ።

እሑድ ዕለት ኮንክሪቱን በመዶሻ ሰበርነው። ከቱቦው ውስጥ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ ሁለት ነጠላ ጫማ ወጣ። ጫማዎቹ የኛው የውዱእ ጫማዎች ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ መጥቶ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና፣ ከደብዳቤው በፊት መጥቶ ቢያሳየን ይሻል እንደነበር በራሱ አንደበት ተናገረ። ጫማ ማውለቂያችን ጠቧል፤ በጁሙዓ ቀን እንገፋፋለን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከኛ ዝቅ ብሎ ያለው ሱቅም ቦዩን እንደኛው ደፍኖታል። ባለቤቱ ሐጂ የመስጂዳችንን ምንጣፍ ያነጠፉ ሰው ናቸው፤ ማን ደፍሮ ይንገራቸው ተባብለን ሦስት ሳምንት አሳለፍን። ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ እንሄዳለን። ለኛ የተጻፈውን ደብዳቤ ይዘን ነው የምንሄደው።