የደንገል ታንኳ



ከእናንተ መካከል ባሕር ዳርን ያየ ሰው ካለ፣ ማለዳ በጣና ዳር ቆሞ ሳለ ከውሃው እምብዛም ከፍ ያላለ፣ አፍንጫው ብቻ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ የማገዶ እንጨት ተሸክሞ በዝግታ የሚመጣ ነገር ሳያይ አልቀረም። ይህ ነገር የደንገል ታንኳ ነው። እንግዳው ፎቶግራፍ ያነሣውና ያልፋል፤ አገሬው ደግሞ ዓይኑ ስለ ለመደው አያየውም። እኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኜ ወደዚያ ከሄድሁ በኋላ አንድ ታንኳ አሠርቼ፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ድረስ ራሴ እየቀዘፍሁ፣ ራሴ እያደረቅሁና እየጠገንሁ ቆየሁ። በዚህ ጊዜ ያየሁትንና የተማርሁትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ ነገሩ የታንኳ ብቻ ነገር ሆኖ አላገኘሁትምና።

አስቀድሜ ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። እንዲህ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ስፋት ኖሮት ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን ታንኳ ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

በዳርቻው ረግረግ የሚበቅለው ደንገል ደግሞ ቁመቱ ሰውን እጥፍ የሚያህል፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ በራሱ ላይ እንደ ጎፈሬ የተበተነ ጭራ ያለው ተክል ነው። የጥንት ግብፃውያን የሚጽፉበትን ወረቀት የሠሩት ከዚሁ ተክል ነው። አገዳውን ብትሰብሩት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አየር የሞላበት ነው። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለ ሆነና ውሃ ስለማያስገባ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ካገኘ አበቃለት። በደንገል ታንኳ ግን ውሃው በየነዶው መካከል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ ታንኳው የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ አየር ስለ ያዘ ነው። ስለዚህ ሊገለበጥ ይችላል እንጂ ተሸንቁሮ አይሰምጥም።

ታንኳዬን የሠሩልኝ ሽማግሌ ከነገደ ወይጦ ወገን ናቸው። ይህ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በጣና ዙሪያ የሚኖር፣ አማርኛ የሚናገር፣ አብዛኛው የእስልምና እምነት ተከታይ የሆነ፣ በዓሣ ማጥመድና በደንገል ሥራ የታወቀ ነው። እኔ «አባባ» እላቸው ነበር፤ እሳቸውም በመጀመሪያ «መምህር» ይሉኝ ነበር። ሥራ ያዙኝ ከጀመሩ ወዲህ ግን «አንተ ልጅ» ወደ ማለት ተሻገሩ፤ ይህን እንደ ሹመት ቈጠርሁት።

ሥራው እንዲህ ነው። ደንገሉ ከታጨደ በኋላ በፀሐይ ይሰጣል። እርጥቡ ለታንኳ ከባድ ነው፤ ከመጠን በላይ የደረቀው ደግሞ ሲጎብጥ ይሰበራል። አባባ አንዱን አገዳ ያነሡና በሁለት ጣታቸው ጎበጥ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ «ነገ» ወይም «አሁን» ይላሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት መስማት የጀመርሁት ከገና በኋላ ነው። አገዳዎቹ በነዶ በነዶ ይታሰራሉ፤ ነዶዎቹም ጎን ለጎን ተጋጥመው በልጥ ይጠፈራሉ። በሚጠፈሩበት ጊዜ አባባ ጉልበታቸውን በነዶው ላይ ተክለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ልጡን ይስባሉ። ጫፉን ወደ ላይ ጎትተው አፍንጫ ያወጡለታል፤ ከላይም ተቀማጩና ጭነቱ ከውሃ ከፍ እንዲሉ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይነጠፍለታል። አንዱን አገዳ ሕፃን ልጅ በእጁ ይሰብረዋል፤ ብዙው ሲታሰር ግን ሰውን ከነጭነቱ ይሸከማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረታችንን ከትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ስንት ጊዜ አንብበነዋል! እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

ከሠሩት በኋላ ያለው ጥበቃ ደግሞ ከሥራው አያንስም። አባባ ታንኳውን ሲያስረክቡኝ «ታንኳ የሚሞተው በውሃ አይደለም፤ በባለቤቱ ስንፍና ነው» አሉኝ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ይልቁንም በተቈረጠው ጫፉ በኩል ይጠጣል። ማለዳ ሁለት ሰው በቀላሉ የተሸከመው ታንኳ ቀኑን ሙሉ ከዋለበት ማታ አራት ሰው ያስመኛል። ስለዚህ ከውሃ በወጣ ቍጥር ጎትቶ ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ማስደገፍና አቁሞ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል። መሬት ላይ ተጋድሞ ካደረ ከሥሩ ይበሰብሳል። ደንገሉ ሲደርቅና ሲርስ ልጡ ይላላል፤ በየጊዜው ማጥበቅ ይገባል። የተሰበረውን አገዳ መዝዞ በአዲስ መተካት፣ ንጣፉን መለወጥም አለ። ይህ ሁሉ ተደርጎለት እንኳ በየቀኑ የሚሠራ ታንኳ ከጥቂት ወራት አይዘልቅም። የእኔው እስከ ሰኔ የቆየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለ ወጣ ነው።

በውሃ ላይ አስተማሪዬ የአባባ የልጅ ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በሳምንቱ አምስት ቀን የእኔ ተማሪ ነው፤ ፊዚክስ አስተምረዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እሱ ያስተምረኛል። መቅዘፊያው ረጅም ዘንግ ነው፤ መካከሉን ይዘው አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ውሃውን ይገፉታል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚማሩት ግን መቀመጥን ነው፤ ወገብ ካልተረጋጋ ክንድ ብቻውን ምንም አያደርግም። ብዙ ጊዜ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት እንሻገር ነበር። በዚያ በኩል ዓባይ ከሐይቁ ይወጣል፤ ጉማሬም አለ። ልጁ ጉማሬ ያለበትን ስፍራ የሚያውቀው ከእኔ በፊት ነው፤ እኔ ውሃ ብቻ በማይበት ቦታ እሱ ዝም ብሎ አቅጣጫ ይለውጣል።

ጣና ማለዳ ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጡት ቀዛፊዎች ገና ሳይነጋ የሚነሡት ለዚሁ ነው። በየካቲት ወር በአንድ ቅዳሜ ግን ነፋሱ ልማዱን ትቶ ረፋዱ ላይ ተነሣብን። ከተማው ከፊታችን ይታያል፤ ልቤ በቀጥታ ወደዚያ ሊሮጥ ፈለገ። ማዕበሉ ከጎን ይመታን ጀመር፤ ንጣፉም ራሰ። ልጁም «መምህር፣ አይቅዘፉ፤ ዝቅ ብለው ዝም ብለው ይቀመጡ» አለኝ። እሱ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ፤ ማዕበሉን እያስተላለፈ ጥቂት በጥቂት ወደ ጎን አስጠጋን፤ በመጨረሻም በዳር ካለው የደንገል ጫካ ውስጥ አስገባን። እዚያ ስንደርስ ማዕበሉ እንደ ተቈረጠ ድምፅ ቀጥ አለ። ደንገሉ ይሰብረዋልና። ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጁን ላመሰግነው ስል አንድ ነገር ለመነኝ፤ «መምህር፣ እባክዎ ይህን ክፍል ውስጥ እንዳይናገሩብኝ» አለኝ። «ለምን?» አልሁት። «ያው ይታወቃል» አለና ፊቱን አዞረ።

አንባቢዎቼ፣ እውነትም ይታወቃል። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ»፣ ብረት ሠሪውን «ቡዳ» እያልን የኖርን ሰዎች ነን። የጣናዎቹም ሰዎች ከዚህ ንቀት ድርሻቸውን ለረጅም ዘመን ተቀብለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፏል። ይሁንና ከሞት ያዳነኝ ተማሪ ያዳነኝን ዕውቀት እንድደብቅለት ይለምነኛል። በትምህርት ቤቱ የምዝገባ ቅጽ ላይም «የአሳዳጊ ሥራ» በሚለው ፊት በገዛ እጁ «ልዩ ልዩ» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ።

ምስጢሩን ጠበቅሁለት። ነገር ግን ስለ ተንሳፋፊ ነገሮች የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ አንድ ነዶ ደንገልና አንድ ገንዳ ውሃ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። ለተማሪዎቼም የኖርዌዩን ቶር ሄየርዳልን ታሪክ ነገርኋቸው። ይህ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ሆነ ለመፈተን አሳቡን ቈርጦ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከእኛው ከጣና ነው። በግብፅም በቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለችውን መርከብ አሠርቶ፣ በ1961 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣ። ብዙ ሊቃውንት ደንገሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በስብሶ ይሰምጣል ብለው ነበር። «ራ» ግን 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። በመጨረሻ የተጎዳችው የኋላ ጫፏ ወደ ታች እየዘቀጠ ስለ ሄደ ነው፤ በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ያንን ጫፍ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል፤ የሥዕሉን ጥቅም ያስተዋሉት ዘግይተው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛይቱን «ራ» የሠሩት በደቡብ አሜሪካ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ናቸው፤ እሷም በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ገባች። የሁለቱን መርከቦች ዕጣ የለየው የአንድ ገመድና የአስተሳሰር ነገር መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያም ለተማሪዎቹ «ደንገል ውሃ እንዳይጠጣ ምን ይደረጋል?» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንዱ ቀለም ይቀባ አለ፤ ሌላው በላስቲክ ይሸፈን አለ። የእኔ ልጅ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ቃል አልተነፈሰም። ደብተሩን ስገልጥ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፏል፤ የአስተሳሰሩንም ሥዕል ሠርቷል፤ ጫፉ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ልጡ በየስንት ስንዝሩ እንደሚዞር፣ ታንኳው ማታ በየትኛው ወገኑ እንደሚቆም ሁሉ አለበት። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት፤ ደብተሩንም ዘግቼ መለስሁለት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ደንገል ማድረቅን አስቸጋሪ ያደርገዋል። ታንኳዬም መካከሏ ስለ ላላ አባባ ተመለከቷትና «ትረፍ» አሉኝ። ልጡን ፈታን፤ የሚሆነውን ለየን፤ የቀረው ለማገዶ ሆነ። ሌላ እንዲሠሩልኝ ስጠይቃቸው ግን «ደንገሉ ከተገኘ» አሉኝ። ይህ ቀልድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ውሃ እጅግ ወርዶ መርከቦች እስከ መቆም ደርሰው ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተዛምቶ ብዙ አስቸግሯል። ደንገል ይበቅልበት የነበረው ረግረግም በየቦታው እየተመነጠረ እርሻ ሆኗል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገብ ደንገል አይተክልም፤ ልጥ መሳብም አያስተምርም። ደንገሉ ሲያልቅ ታንኳው ያልቃል፤ ሠሪው ሲያፍር ደግሞ ደንገሉ ቢተርፍም ታንኳው ያልቃል።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ፤ ብዙዎቻችሁም በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ይዛችሁ ፋይል የምትከፍቱና ቅጽ የምታስሞሉ ናችሁ። ብዕራችሁን ጥላችሁ ታንኳ ሥሩ አልላችሁም፤ የሞተር ጀልባም ይጥፋ አልልም፤ እኔም ወደ ዘጌ ስቸኩል በሞተር ጀልባ እሄዳለሁ። የምለምናችሁ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ነገ አንድ ልጅ በመስኮታችሁ ፊት ቆሞ፣ «የአሳዳጊ ሥራ» በሚለው ላይ «ታንኳ ሠሪ» ወይም «ሸክላ ሠሪ» ብሎ ጽፎ ቢያቀርብላችሁ፣ ቀና ስትሉ የሚያየው ፊታችሁን ነውና ፊታችሁን ጠብቁ። ተማሪ የሆናችሁትም አባታችሁ ወይም አያታችሁ በእጁ የሚያውቀውን አንድ ሥራ በዚህ ዕረፍት ጠይቁትና ሥዕሉን ጨምራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። «ልዩ ልዩ» ብላችሁ ግን አትጻፉ።