አርባ ምንጭን ሳይቸኩሉ

አርባ ምንጭ በሁለት ቀን ታይቶ ሊመለሱበት ይችላሉ። እኛም አንድ ጊዜ ሞክረነዋል። አርብ ማታ ገባን፣ ቅዳሜ ጠዋት አዞ አየን፣ ከሰዓት በኋላ ዶርዜ ወጥተን ከቀርከሃ ቤቶቹ ፊት ፎቶ ተነሣን፣ እሁድ ተመለስን። ልጆቻችን ከዚያ ጉዞ የሚያስታውሱት የመኪናውን ሙቀት ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን አምስት ሌሊት ያዝን። ምክንያታችን አባባ ናቸው፤ የባለቤቴ አባት። ዶርዜ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ሽሮ ሜዳ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም። «ልጆቹን አገሬን ላሳያቸው፣ ግን ቀስ ብለን እንሂድ» አሉ። ቀስ ብለን ሄድን። እርስዎም እንደዚያው ቢያደርጉ አይቆጩም።

መንገዱ ራሱ ጉዞ ነው

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጊዜ ካለዎት ግን በመኪና ይሂዱ። እንደሚመርጡት መንገድ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ወላይታ ሶዶ ምሳ በላን። ሶዶን አልፈው ወደ ቆላው ሲወርዱ የሁምቦን ተራራ ያገኛሉ። ተራራው ተራቁቶ ከቆየ በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች ከ2,700 ሄክታር በላይ የሚሆነውን ከልለው፣ ከቀሩት ጉቶዎች ደን እንደገና እንዲያቆጠቁጥ አድርገዋል። ይህን ለልጆችዎ በመንገድ ላይ ይንገሯቸው፤ ትንሽ ቆይተው ምክንያቱን ያዩታል።

ምክንያቱ በግራ በኩል ብቅ የሚለው አባያ ሐይቅ ነው። ከጣና ቀጥሎ የሀገራችን ሁለተኛ ትልቅ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጃችን እንዳየው «ይሄ ሻይ ነው እንዴ?» አለ። ቀለሙ በእርግጥም ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ቀይ ያደረገው ወንዞች ከደጋው አጥበው ያወረዱት አፈር ነው። አባባ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና «የኛ ማሳ ነው እዚያ የተኛው» አሉ።

ወደ ከተማው ሲቃረቡ የሙዝ እርሻው ይጀምራል። ላንቴ አካባቢ ከመንገድ ዳር ሙዝ ይግዙ። አዲስ አበባ ከለመዱት አጠር ያለ፣ ጣፋጭ ሙዝ ያገኛሉ።

አርባው ምንጭ

ከተማዋ ሁለት ሰፈር ናት፤ ታችኛው ሲቀላ፣ ላይኛው ሴቻ ይባላል። ለማረፊያ ከሴቻ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቢያርፉ ጠዋት ሲነሡ ከፊትዎ በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ሸንተረር ተዘርግቶ ይጠብቅዎታል። ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ቀይ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀለማቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያውን ጠዋት ለዚህ እይታ ይስጡት። ቡና ያስፈሉ። የትም አይሂዱ።

ከሰዓት በኋላ ግን ከገደሉ ሥር ወዳለው ደን ይውረዱ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ከድንጋይና ከትልልቅ ዛፎች ሥር ውሃ ይፈልቃል፤ ጥርት ያለ ነው። ከላይ ጉሬዛ ይዘላል፣ መንገዱ ላይ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ ያይዎታል፤ ሙዝዎን ይደብቁ። ሴት ልጃችን ምንጮቹን እየቆጠረች በማስታወሻ ደብተሯ መዘገበች። አሥራ ሰባት ላይ ደከማት። አስጎብኚያችን «አርባ ማለት ብዙ ማለት ነው፣ ቆጥሮ የጨረሰ የለም» ብሎ አጽናናት። ለእኔ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በሆቴላችን ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ከእነዚሁ ምንጮች የሚመጣ መሆኑ። ደኑ ቢመነጠር የሚደርቀው የቱሪስት ማያ ብቻ ሳይሆን የከተማው ጀሪካን ነው።

ማታ አሳ ይብሉ። አርባ ምንጭ መጥቶ ሥጋ የሚያዝ ሰው ይኖር ይሆን? ለብለቡ፣ ኮተሌቱ፣ ጉላሹ፣ ሾርባው ሁሉም አለ። ከጎኑ ዳጣ ሲያቀርቡልዎ ለልጆች ጥቂት ብቻ ያስቀምሱ።

አዞዎቹ ገበያ

በሦስተኛው ቀን በማለዳ ወደ ጫሞ ወረድን። የቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ወጥተው ይተኛሉ፤ ቦታው «የአዞ ገበያ» ይባላል። የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አንዳንዱ ከተሳፈሩበት ጀልባ ብዙም አያጥርም። ጉማሬ፣ ይብራና አሳ አዳኝ ንስርም በዚያው ያያሉ። ከመሳፈርዎ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሆን የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ከሌለ አይሳፈሩ። እኛ የመጀመሪያውን ጀልባ በዚህ ምክንያት ትተን ሌላ ጠብቀናል። ግማሽ ሰዓት ከሰርን እንጂ ሌላ ምንም አልጎደለብንም።

ሐይቆቹን ከሚያዋስነው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት ጠንካራ መኪናና ጠባቂ ያስፈልጋል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ስሙን ያገኘው የሜዳ አህዮች ከሚግጡበት፣ ከሩቅ ነጭ ከሚመስለው ሣር ነው። ለልጆች የሚነገር አንድ እውነተኛ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በፓርኩ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍ ዘር ያልሆነች፣ ግን በሌሊት የምትበር ወፍ አገኙ። ከሬሳዋ ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያች አንድ ክንፍ ማስረጃነት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የላቲን ስሟም «ብቸኛ ክንፍ» ማለት ነው። ልጃችን ከዚያ በኋላ የወደቀ ላባ ሁሉ ማንሣት ጀመረ።

ወደ ዶርዜ መውጣት

ሰኞን ለዶርዜ ያቆየነው ሆን ብለን ነው፤ የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ ነች። ከእርሷ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ቲሸርት ለብሰው ተነሥተው ሹራብ ለብሰው ይደርሳሉ። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ አርባ ምንጭ እስኪወርድ ድረስ መቀመጫው ይህቺው ደጋማ ጨንቻ ነበረች።

በዳገቱ ላይ ሙዙ ያልቅና እንሰቱ ይጀምራል። ልጆች «ሙዙ እዚህም አለ!» ማለታቸው አይቀርም። እንሰት ፍሬው አይበላም፤ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ሴቶች ፍቀው፣ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉትና ቆጮ ይሆናል። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ ግን ዝናብ ቢቀር እንኳ ቤተሰብ አያስርብም። ትኩስ የቆጮ ቂጣ በማርና በዳጣ ሲቀርብልዎ ሁለቱንም ይቅመሱ።

የአባባ ታላቅ ወንድም ቤት በር ላይ ስንደርስ አባባ ከመኪና ሳይወርዱ ቆዩ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራ ነው፤ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል፣ ከፊት ሲያዩት ኩምቢውን የዘረጋ የዝሆን ራስ ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። ከዓመት ዓመት እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ቦታ መቀየር ሲፈለግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ይሄዳል። አባባ በልጅነታቸው ሰማይ የሚነካ ይመስላቸው የነበረው ቤት አሁን ከባለቤቴ ራስ ብዙም አይርቅም። ወንድማቸውን «ሳሮ» ብለው ተቃቅፈው ሲያበቁ ቤቱን ቀና ብለው አዩና «እኔም አጠርኩ፣ እሱም አጠረ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዶርዜ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ጓሮ ውስጥ አንድ ወጣት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ ሲሸምን አገኘን። አባባ ተራ ለምነው ቁጭ አሉ። መወርወሪያው በእጃቸው ሲመላለስ ልጆቻችን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ አያታቸውን እንዲህ ሲፈጥኑ አይተው አያውቁም።

«ስንት ዓመትዎ ነበር ሲጀምሩ?» አለቻቸው ሴት ልጃችን።

«አዲስ አበባ ስሄድ ካንቺ ታናሽ ነበርኩ።»

እሷ አሥር ዓመቷ ነው። «ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ» ያለ ዘመድ ነበር የወሰዳቸው። ትምህርት ቤት አልገቡም። ከንጋት እስከ ምሽት ድር ላይ ነበሩ፤ ፊደል የቆጠሩት ካገቡ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ይህን ባለቤቴም ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶት አያውቅም። ለምን እንዳልነገሩት ሲጠይቃቸው «በሰፈራችን ሸማኔ መባል ስድብ ነበር፣ ምን ብዬ ላውራ?» ብለው ዝም አሉ።

ከጋሞ ደጋ ሕፃናትን በትምህርት ተስፋ እየደለሉ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ መውሰድ የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ ነጠላ ሲገዙ፣ ከሽሮ ሜዳም ይሁን ከዶርዜ፣ «ማን ሠራው?» ብለው ይጠይቁ። እዚያው ዶርዜ ካሉ ደግሞ ከሠራው ሰው እጅ ይግዙ፤ ሲከራከሩም ጥለቱ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቀው ይከራከሩ።

ሣር የያዙ ሽማግሌዎች

ማታ በእሳቱ ዙሪያ የአባባ ወንድም ስለ ዱቡሻ ነገሩን። ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አደባባይ ነው። ሲያልፉበት በአክብሮት ይለፉ፣ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። የዚህ ባህል ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ሀገር ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ ሲሰማ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድ በጋሞ ነውር ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ልጆቼ ግቢው ውስጥ ተጣልተው ትንሹ ሣር ነቅሎ ፊቷ ሲንበረከክ አየሁ። እየሳቀች ኳሱን ሰጠችው።

ከመተኛታችን በፊት ልጁ ነብር እንዳለ ጠየቀ። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመዘገበውን የዶርዜ ብሂል ነገርኩት፦ ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይባላል፤ ያም ሆኖ የዶርዜ ሰው ረቡዕና ዓርብም ከብቱን መጠበቁን አይተውም። የአባባ ወንድም ሰምተው ሳቁ። «ጾሙን መያዙን እርግጠኛ ስላልሆንን ነው» አሉ።

ሲሄዱ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለመንገዱም ለአየሩም ይመቻል። የመስቀል ሰሞን ከሄዱ በየከተማው የተበተነው ሸማኔ ሁሉ ለዮ ማስቃላ ወደ ደጋው ሲመለስ ያያሉ፤ ማረፊያ ግን ቀደም ብለው ይያዙ። ቆላው የወባ አካባቢ ስለሆነ ሐኪም ያማክሩ፣ አጎበር ያለበት ክፍል ይጠይቁ። ለጫሞ ኮፍያ፣ ለዶርዜ ሹራብ ይያዙ። ከሁሉም በላይ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ይደሩ። የቀን ጎብኚ ቤቱን ያያል፤ ያደረ ሰው ግን ባለቤቶቹን ያገኛል።

እኛ ረቡዕ ጠዋት ወረድን። አባባ በሁምቦ በኩል ስናልፍ ወደ አረንጓዴው ተራራ አዩና «ይሄ እንኳ ተመልሷል» አሉ። ከዚያ ሴት ልጃችን ደብተሯን አውጥታ ያደጉበትን ሰፈር፣ የወሰዳቸውን ዘመድ፣ የመጀመሪያ ነጠላቸውን ማን እንደገዛው ትጠይቃቸው ጀመር። አዲስ አበባ እስክንገባ አላቆመችም። እሳቸውም አልሰለቹም።