የወናፍ ትንፋሽ በሪሺኬሽ

ሪሺኬሽ፣ ሰሜን ሕንድ። የካቲት፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል።

የጋንጅስ ወንዝ እዚህ ገና ከሂማላያ ተራሮች መውረዱ ስለሆነ በበጋ ውኃው አረንጓዴ ነው፤ ቅዝቃዜውም አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ እንደ ቅዱስ ስፍራ ስለምትቆጠር ሥጋም መጠጥም አይሸጥባትም። ስዋሚ ሲቫናንዳ የሕክምና ሥራቸውን ትተው መነኑና እ.ኤ.አ. በ1936 ማኅበራቸውን እዚሁ አቋቋሙ። በ1968 ደግሞ የቢትልስ ሙዚቀኞች ተመስጦ ሊማሩ ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ዘንድ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ እግር አልተቋረጠም። ዛሬ የዮጋ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ ማግኘት ይቸግራል። እኔን ያመጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅልፍ ያባርራል፣ ሰውነትን ይቀሰቅሳል የሚባለው ፈጣን የአተነፋፈስ ልምምድ።

የምንለማመድበት አዳራሽ ሰገነት ላይ ነው። ሲሚንቶው ስለሚበርድ ብርድ ልብስ አጣጥፈን እላዩ ላይ ተቀመጥን። ከእያንዳንዱ ሰው ጉልበት አጠገብ ሶፍት ተቀምጧል። ልምምዱ ሲጀመር ምክንያቱ ገባኝ፤ የሁላችንም አፍንጫ እንደ ምንጭ ይፈስ ጀመር።

መጀመሪያ ካፓላባቲ ነው። መዳፍን ከእምብርት በታች ማሳረፍ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ጎትቶ አየሩን በአፍንጫ ባጭሩ ማስወጣት፣ ከዚያ ሆድን መልቀቅ። ወደ ውስጥ መሳብ የሚባል ሥራ የለም፤ አየሩ ራሱ ይገባል። ለጀማሪ 30 ጊዜ፣ ከዚያ እረፍት። አስተማሪያችን ከኋላዬ መጡና ሁለት ጣታቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። “ይሄ ለምን ይሠራል? ሥራው የሆድ ነው” አሉኝ። ትከሻዬ ሲዘል የታወቀኝ ያኔ ነው።

ቀጥሎ ባስትሪካ፣ ማለትም ወናፉ። በዚህኛው መሳቡም ማስወጣቱም በኃይል ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈው ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ ካፓላባቲን ከስድስቱ የሰውነት ማጽጃዎች ጋር፣ ባስትሪካን ደግሞ ከትንፋሽ ልምምዶቹ ጋር ይመድባል። አስተማሪያችን ቅደም ተከተሉን እንደ ሥርዓት ይይዙታል፤ መጀመሪያ ቤቱ ይጠረጋል፣ እሳቱ ከዚያ ነው።

ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ቱሪስት እንደ ሯጭ ነው የሚያለከልከው። እኔም ልከተለው ስል ጣቶቼ ነዘሩኝ፣ የላይ ከንፈሬ ደነዘዘ። ይህን “ኃይል ሲፈስ ነው” ብለው የሚደሰቱ ሞልተዋል፤ እኔ አልስማማም። በጣም ስንተነፍስ ከደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ መንዘሩም መፍዘዙም የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ መቀነስ ነው። አስተማሪውም እንደ ብሥራት አላዩትም። “ከነዘረህ ቀስ በል፤ ካዞረህ ተወው” አሉኝ በአጭሩ።

የመጣሁበትን ነገር ያገኘሁት ወናፉ ሲቆም ነው። ከመጨረሻው ምት በኋላ አየር ስበን ለጥቂት ያዝን፣ ቀስ ብለን ለቀቅን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ዝም አልን። ለተወሰነ ጊዜ ትንፋሽ አያስቸኩልም፤ ደረት ጸጥ ይላል። አእምሮ ግን ቁልጭ ብሎ ነቅቷል፦ የጦጣ ኮቴ በቆርቆሮው ላይ፣ ሩቅ የሚደወል የቤተ መቅደስ ደወል፣ የወንዙ ድምፅ፣ ሁሉም ተለይቶ ይሰማል። ተመስጦ መባል ያለበት ይህኛው ክፍል ይመስለኛል። ብዙ ሰው ግን ልክ እዚህ ላይ ሶፍቱን ፍለጋ ይነሣል።

ልምምዱ በባዶ ሆድ ነው፤ ቡናም ክልክል ነው። ጠዋት ቡናዬን ካልጠጣሁ ሰው ለማልሆነው ለእኔ ከቅዝቃዜው የባሰ ፈተና ይህ ነበር።

ልምምዱ ለሁሉም ሰው አይፈቀድም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ቡአ ያለበት ይከለከላል። በደም ግፊታቸው ምክንያት የተከለከሉ አንድ ጡረተኛ ሕንዳዊ “እኔም ከሰው እኩል ከፍያለሁ” ብለው ተከራከሩ። አስተማሪው አልተረቱም፤ ጥግ አስቀምጠው በአንድ አፍንጫ እየሳቡ በሌላው የሚያስወጡትን ዝግተኛውን ናዲ ሾዳና ሰጧቸው። ሰውየው አኩርፈው ሠሩ። ቁርስ ላይ ግን ከሁላችንም ነቅተው ሲያወሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ወሬውም ስለ ባቡር ትኬት ዋጋ።